ሥራውን ይዞ ለሚጓዝ ሰው ስለሚስማማ የጀርባ ቦርሳ

ሰው ከቤቱ ወጥቶ መንገድ ሲጀምር የሚይዘው ዕቃ እንደ ሥራው ዓይነት ይለያያል። ነጋዴ ሚዛኑን፣ ሐኪም መድኃኒቱን፣ ካህን መጽሐፉን፣ ጸሐፊም ቀለሙንና ብርዑን ይይዛል። በዛሬው ዘመን ግን የብዙ ሰው ሥራ በአንዲት ታጣፊ ኮምፒዩተር ውስጥ ስለ ገባ፣ ሥራው ያለበት ስፍራና ሠራተኛው የተቀመጠበት ስፍራ አንድ መሆናቸው ቀርቷል። ይልቁንም በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ ዓለሙን ሁሉ በየቤቱ ከዘጋው ወዲህ፣ ደመወዙን ከአንድ አገር እየተቀበለ በሌላ አገር ተቀምጦ የሚሠራ ሰው ቍጥር በዝቷል። በዚያው ዓመት ኤስቶኒያና ባርቤዶስ በሩቅ ላለ አሠሪ ለሚሠሩ እንግዶች ብቻ የተለየ የመግቢያ ፈቃድ አቁመዋል፤ ከዚያም በኋላ ሌሎች ብዙ መንግሥታት ተከትለዋቸዋል። በአገራችንም ቢሆን ለጉባኤ፣ ለቍጥጥር ወይም ለተዘዋዋሪ ችሎት ወደ ክፍለ ሀገር የሚወርድ ሹም ሁሉ ጽሕፈት ቤቱን በጀርባው ተሸክሞ ይሔዳል ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ነገሩ ለኢትዮጵያ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ዐፄ ፋሲለደስ በ17ኛው መቶ ዓመት ጎንደርን ከመቆርቆራቸው በፊት በነበሩት ብዙ ዘመናት ቤተ መንግሥቱ ከስፍራ ወደ ስፍራ የሚነሣ የድንኳን ከተማ ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1520 ወደ አገራችን የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ በዐፄ ልብነ ድንግል ሰፈር ቤተ ክርስቲያኑም ፍርድ የሚሰማበትም ስፍራ በድንኳን እንደ ነበረ፣ ሰፈሩም ሲነሣ አብሮ ይነሣ እንደ ነበር ጽፎአል። እንግዲህ ትእዛዝ የሚጽፈውም ሰው ብራናውንና ቀለሙን በበቅሎ አስጭኖ ሲከተል መኖሩ የታወቀ ነው። ልዩነቱ አንድ ነው፤ በቅሎዋ ቀርታ ጭነቱ ወደ ጌታው ጀርባ ተዛውሯል።

ይህም መዛወር ለአንዳንድ ታላላቅ ሰዎቻችን ገና አልተዋጠላቸውም። ቀድሞ ማዕርግ ያለው ሰው ዕቃ በጀርባው ተሸክሞ መታየቱ እንደ ነውር ይቈጠር ስለ ነበር፣ ዛሬም የጀርባ ቦርሳ የተማሪ ልጅ ዕቃ ነው እያሉ አንዱን ከባድ የእጅ ሻንጣ በአንድ ትከሻ ጐትተው ሲንጋደዱ የሚሔዱ አሉ። እኛ ግን ጀርባው በሕመም ተጐብጦ የሚሔድ ሹም፣ ቦርሳ በሁለት ትከሻው አንግቶ ቀጥ ብሎ ከሚሔደው ይልቅ ክብር ያለው መስሎ አይታየንም።

ለብራና መጽሐፍ የሚሰፋውን ማኅደር ልብ ብሎ ያየ ሰው የጥሩ ቦርሳን ሥርዐት ከዚያው ሊማር ይችላል። ማኅደር በመጽሐፉ ልክ ይሰፋል እንጂ መጽሐፉ በማኅደሩ ልክ አይጻፍም። ቆዳው ወፍራም ነው፤ ክዳኑ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ ማንገቻው ጠንካራ ጠፍር ስለ ሆነ በቤት በግድግዳ ይሰቀላል፣ በመንገድም በትከሻ ይነገታል። በመሥሪያ ቤቶቻችን የሰው ጉዳይ የሚጠራቀምበትን ወረቀት ማኅደር ብለን መጥራታችን ያለ ምክንያት አይደለም። የሚጠበቀው ቆዳው ሳይሆን በውስጡ ያለው ነገር ነውና።

የዘመኑ ቦርሳ ገዢ ግን ሥራውን ከኋላ ይጀምራል። ከሱቅ ገብቶ ኪሱ የበዛውን፣ መልኩ ያማረውን፣ ሻጩ ያመሰገነለትን ይገዛና ወደ ቤቱ ተመልሶ ቦርሳው እስኪሞላ ድረስ ዕቃ ይፈልግለታል። ትልቅ ቦርሳ የገዛ ሰው ባዶ ቦታ አይቶ አያልፍም፤ አንድ ተጨማሪ ጫማ፣ አንድ ተጨማሪ ካፖርት፣ ሦስት ያልተነበቡ መጻሕፍት እየጨመረ ይጠቀጥቀዋል። ስለዚህ ቦርሳ መምረጥ የሚጀመረው ከሱቅ ሳይሆን ከገዛ አልጋ ነው እንላለን። ለመንገዱ የሚያስፈልገውን ሁሉ በአልጋ ላይ ይዘርጉት፤ ከዚያ በኋላ በሚዛን ይመዝኑት። የወጥ ቤት ሚዛን ከሌለ፣ የሰው መመዘኛው ላይ አንድ ጊዜ ባዶ እጅዎን፣ አንድ ጊዜ ዕቃውን ታቅፈው ይቁሙና አነስተኛውን ከሚበልጠው ይቀንሱ።

ምሳሌውን በቍጥር እናሳይ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በኢኮኖሚ ክፍል ለሚሔድ መንገደኛ ወደ አውሮፕላኑ ውስጥ ይዞ እንዲገባ የሚፈቅድለት ሻንጣ ቁመቱ 55፣ ወርዱ 40፣ ውፍረቱ 23 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ክብደቱም ከ7 ኪሎ የማይበልጥ አንድ ሻንጣ ነው። ሌሎች አየር መንገዶች ከዚህ የሚያንስም የሚበልጥም ልክ ስላላቸው ትኬት ሲቈረጥ መጠየቅ ያስፈልጋል። እነዚያን 3 ቍጥሮች ያባዛ ሰው ከ50 ሊትር ጥቂት የሚበልጥ ስፋት ያገኛል። ሻጩም ይህን ዐውቆ፣ «ይህ ልክ እስከ መጨረሻው የሞላ ቦርሳ ነው» ብሎ ያቀርብልዎታል። ነገር ግን ስፋቱ ቢፈቀድ ክብደቱ አይፈቀድም። አሥራ አራት ኢንች የሆነች ኮምፒዩተር አንድ ኪሎ ተኩል ያህል ትመዝናለች እንበል፤ የኤሌክትሪክ መሙያዋ 300 ግራም፣ ለስልክ የሚሆን ተንቀሳቃሽ ባትሪ 400 ግራም፣ ገመዱና የጆሮ ማዳመጫው፣ ደብተሩና ሌላው ጥቃቅን ነገር ግማሽ ኪሎ ያህል ቢሆን፣ የሥራው ዕቃ ብቻ 2 ኪሎ ከ700 ግራም ሆነ። አሁን ቦርሳው ራሱ ባዶውን ስንት ይመዝናል? ብዙ ሰው ይህን አይጠይቅም። ስፖንጅና ቀበቶ፣ ብዙ ዚፕና ብዙ ኪስ ያለው ትልቅ የጉዞ ቦርሳ ባዶውን 2 ኪሎ ሊደርስ ይችላል። እንዲህ ከሆነ ከተፈቀደው 7 ኪሎ ለልብስና ለጫማ የቀረው 2 ኪሎ ከ300 ግራም ብቻ ነው፤ አንድ ጥንድ የቆዳ ጫማም ከዚያ ኪሎ ያህሉን ይወስዳል። ባዶው አንድ ኪሎ የሆነውን ቦርሳ የመረጠ ሰው ግን ያለ ልመናና ያለ ክርክር አንድ ኪሎ ልብስ አተረፈ።

ስለዚህ ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት ለሚጓዝ ሰው ከ30 እስከ 35 ሊትር የሚይዝ ቦርሳ ይበቃዋል ብለን እናምናለን። ለአንድ ወር የሚሔድም ቢሆን ዕቃው እጥፍ አይሆንም፤ ልብስ በሳምንቱ ይታጠባልና። ይህን ስንል የሚቃወሙን አሉ፤ ቆላ የሚወርድና ደጋ የሚወጣ ሰው እንዴት በአንድ ዓይነት ልብስ ይሔዳል ይሉናል። እውነት አላቸው። ነገር ግን ከባዱን ልብስ ለብሶ መሔድ እንጂ በቦርሳ መጫን አያስፈልግም። የጋቢ ነገር እንኳ ለብቻው ይታይ። ጋቢ አራት ድርብ ስለ ሆነ ቦርሳ ውስጥ የገባ እንደ ሆነ የቦርሳውን እኩሌታ ይይዛል፤ በትከሻ ላይ የዋለ እንደ ሆነ ግን በአውሮፕላን ብርድ ልብስ፣ በአውቶቡስ ትራስ፣ በማታም መከናነቢያ ይሆናል። እኛ ጋቢን ከጉዞ አንከለክልም፤ ከቦርሳ ግን እንከለክላለን።

የክብደቱ ነገር ከአየር መንገድ ደንብ ይልቅ በአጥንት ላይ ይከብዳል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ለተማሪ ልጆች የጀርባ ቦርሳ ከልጁ ክብደት ከ10 እስከ 20 በመቶ እንዳያልፍ ይመክራል። ይህ ምክር ለልጆች ቢሰጥም፣ ዘመኑን ሁሉ በወንበር ላይ አጐንብሶ የኖረ የ45 ዓመት ጸሐፊ ጀርባ ከተማሪው ጀርባ ይበረታል የሚል ሰው አይገኝም። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ዝቅተኛውን ልክ ይዞ 6 ኪሎ ቢሸከም ሲደርስ ለሥራ ይበቃል፤ 12 ኪሎ ተሸክሞ የዋለ ግን መጀመሪያ የሚፈልገው ጠረጴዛ ሳይሆን አልጋ ነው።

ቦርሳውን በልክ ለመምረጥ የቤተ ሰብ ርዳታ ያስፈልጋል፤ ማንም ሰው የገዛ ጀርባውን ሊለካ አይችልምና። አሠራሩ እንዲህ ነው። ተጓዡ ቀጥ ብሎ ቆሞ ራሱን ወደ ፊት ዝቅ ያድርግ፤ ያን ጊዜ በአንገቱ ሥር አንድ ጐበጥ ያለ አጥንት ይወጣል። ሁለቱን እጆቹን በዳሌው አጥንት ጫፍ ላይ ያሳርፍ፤ አውራ ጣቶቹም ወደ ኋላ ይመልከቱ። ሚስት ለባልዋ፣ ወይም ልጅ ለአባቱ፣ የልብስ ሰፊ ሜትር ይዞ ከአንገቱ አጥንት እስከ ሁለቱ አውራ ጣቶች መካከል ድረስ ይለካ። ያ ርዝመት የጀርባ ልክ ይባላል። ቁመታቸው እኩል የሆነ ሁለት ሰዎች የጀርባ ልካቸው እኩል አይሆንም፤ አንዱ እግረ ረጅም፣ ሌላው ጀርባ ረጅም ሆኖ ይገኛልና። ስለዚህ ወንድም ለወንድሙ የጀርባ ቦርሳ በቁመት ገምቶ ቢገዛለት፣ ቀበቶው በዳሌው ላይ በማረፍ ፈንታ ሆዱን ያንቀዋል። ጀርባቸው አጠር፣ ትከሻቸው ጠበብ ላሉ ሴቶች ደግሞ ማንገቻው ቀጥ ያለ ሳይሆን ወደ ውስጥ ጐንበስ ያለ ቢሆን ደረትንና ብብትን አይፍቅም።

በሱቅ ውስጥ ባዶ ቦርሳ አንግቶ በመስተዋት ፊት መዞር ምንም አያስረዳም። ባዶ ቦርሳ ሁሉ ይመቻል። ይልቅ ኮምፒዩተርዎን ይዘው ይሒዱ፤ ባይሆን ከሻጩ 6 ኪሎ የሚሆን ዕቃ ለምነው ቦርሳው ውስጥ ያስገቡና በደረጃ ወጥተው ይውረዱ። ሻጩ ቢያጕረመርም ጊዜው የእርስዎ፣ ጀርባውም የእርስዎ ነው። ዕቃው ሲደረደር ከባዱ ነገር ወደ ጀርባ የተጠጋ፣ ከፍታውም በሁለቱ የትከሻ አጥንቶች መካከል የሆነ እንደ ሆነ ሰውነት ወደ ኋላ አይሳብም። በዚህ ምክንያት የኮምፒዩተሩ ኪስ ወደ ጀርባ የተጠጋውን እንጂ በፊት ለፊት ያለውን ቦርሳ አይምረጡ።

ጎማ ያለውን ሻንጣ የሚወዱ አሉ። ከቦሌ ወጥቶ በመኪና ተጭኖ ከሆቴል ደጃፍ ለሚወርድ ሰው ጎማ መልካም ነው፤ እኛም አንነቅፈውም። ነገር ግን ያ ጎማ በኮብልስቶን መንገድ ላይ ሲንኳኳ፣ በጭቃ ውስጥ ሲጐተት፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሊፍት ከሌለበት ቤት ሲወጣ ያየ ሰው ምርጫውን ደግሞ ያስብበታል።

አሁን ወደ ጨርቁና ወደ ዝናቡ እንለፍ፤ የነገሩ ሁሉ ከባዱ በዚህ ነውና። በቦርሳ ላይ ከቍጥር ጋር ዴኒየር የሚል ቃል ተጽፎ ይገኛል። ይህ የክር መመዘኛ ነው፤ 9,000 ሜትር የሆነ ክር ስንት ግራም እንደሚመዝን ያመለክታል። 9 ኪሎ ሜትር ተዘርግቶ 210 ግራም የሚመዝን ክር ቀጭን ነው፤ 1,000 ግራም የሚመዝነው ግን ወፍራምና መፋቅን የሚችል ነው፤ ክብደቱም የዚያኑ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ብልኅ ሠሪ ወፍራሙን ጨርቅ በቦርሳው ታችና ምድር በሚነካው በኩል፣ ቀጭኑን ከላይ ያደርገዋል። ይህን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ በሁለት ጣት ታቹንና ላዩን ቆንጥጦ ማመሳከር ይበቃል።

ሻጮች «ውኃ አያስገባም» የሚሉትን ቃል ግን ማንም እንዳለ እንዳይቀበለው እንመክራለን። የናይለን ጨርቅ ከውስጥ በኩል በቀጭን ፕላስቲክ የተቀባ ስለ ሆነ ካፊያን ይመልሳል። ነገር ግን በስፌቱ ሁሉ መርፌ የበሳው ቀዳዳ አለ፤ ዚፑም ቢሆን ጥርስ እንጂ ግድግዳ አይደለም። ስለዚህ ካፊያን የመለሰ ቦርሳ የሐምሌን ዶፍ ይመልሳል ማለት አይደለም።

አንድ የምናውቀው ሰው የአንድ ትልቅ ጉዳይ የምስክርነት ቃል ሲያሰባስብ ከርሞ በነሐሴ ወር ከምዕራብ ወደ አዲስ አበባ በአውቶቡስ ይመለስ ነበር። ረዳቱ ቦርሳው ከእግር ሥር አይገባም ብሎ ከእጁ ተቀብሎ በፖርቶመጋላው ላይ ጫነው፤ ሸራም አለበሰው። ሸራው ግን በአንድ በኩል ተገልጦ ኖሮ፣ ከ4 ሰዓት ጉዞ በኋላ ቦርሳው ሲወርድ ከታቹ ውኃ ይፈስ ነበር። ኮምፒዩተሩ ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተነሣም፤ የወረቀቱም ቀለም እርስ በርሱ ተጋብቶ ሰማያዊ ውኃ ሆኖ ነበር። ከተጻፈው ቃል አብዛኛው ሁለተኛ ቅጂ አልነበረውም። ከምስክሮቹም አንዲቱ ሽማግሌ እናት እንደገና ሊጠየቁ ሰው ሲላክባቸው ከ3 ሳምንት በፊት ዐርፈው ተገኙ። ያ ሰው የከሰረው የኮምፒዩተሩን ዋጋ ብቻ ቢሆን ኖሮ እኛም ይህን ነገር በዚህ ዐምድ ባላወሳነው ነበር።

ስለዚህ የዝናብ ልብስ ያለውን ቦርሳ ይምረጡ፤ ብዙ ቦርሳዎች ከታቻቸው ባለ ትንሽ ኪስ ውስጥ ተጠቅልሎ የሚቀመጥ የዝናብ ልብስ አላቸው። ከሌለው ለብቻው ይገዛል። ይህም ቢሆን ከጀርባ በኩል ክፍት ስለ ሆነ ሙሉ መከታ አይሆንም፤ ወረቀቱንና ኮምፒዩተሩን ቦርሳው ውስጥ ሳሉ ደግሞ በወፍራም ላስቲክ መጠቅለል ያስፈልጋል። ዋጋው እጅግ ጥቂት፣ ጥቅሙ ግን ከሁሉ የሚበልጥ ነው። የኮምፒዩተሩም ኪስ ወለሉ ከቦርሳው ወለል ጥቂት ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ መሆኑን በእጅ ገብተው ይዳስሱ፤ እንዲህ ካልሆነ ቦርሳው ምድር ላይ ዱብ ባለ ቍጥር የሚመታው ኮምፒዩተሩ ነው፤ ከታች የገባ ውኃም መጀመሪያ የሚያገኘው እርሱን ነው። የሚጠጣ ውኃ ደግሞ በውጭ ባለው የጐን ኪስ እንጂ ከኮምፒዩተር ጋር በአንድ ክፍል አይገባም።

ዚፕ የቦርሳ በር ነው፤ በሩ የተሰበረ ቤት ግድግዳው ቢጠነክር ምን ይረባል? ዋይ ኬ ኬ የሚባለው የታወቀ የዚፕ ሠሪ በጃፓን አገር በ1926 ዓ.ም. ታዳዎ ዮሺዳ በሚባል ሰው የተመሠረተ ነው፤ ብዙ የቦርሳ ሠሪዎችም የእርሱን ዚፕ ይጠቀማሉ። ፊደሉን ግን ማንም ሊቀርጸው ስለሚችል በፊደሉ ብቻ አይተማመኑ። ከቦርሳው ጥግ ላይ ዚፑን በአንድ እጅ ብቻ ስበው 10 ጊዜ ይክፈቱት፣ 10 ጊዜም ይዝጉት። በጥግ ላይ የሚያንቅ ዚፕ ባዶ ሳለ እንዲህ ከሆነ ሞልቶ ሲወጠር ይተረተራል። አከፋፈቱ ደግሞ እንደ ጆንያ ከላይ ብቻ ከሚከፈተው ይልቅ እንደ መጽሐፍ ለሁለት የሚገለጠው ይሻላል፤ ከታች ያለውን ሸሚዝ ለማውጣት ሁሉን በሆቴል አልጋ ላይ መዘርገፍ አያስፈልግምና።

በመንገድ ላይ ስለ ሌባ ማሰብም ግድ ነው። ቀይና ወርቃማ መልክ ያለው፣ ስሙ በትልቁ የተጻፈበት ቦርሳ «ኮምፒዩተር አለብኝ» ብሎ የሚጮኽ ነው። ጥቁር ወይም አመድማ፣ ምንም የማይናገር ቦርሳ ይሻላል። ፓስፖርትና ገንዘብ ከጀርባ ጋር በሚጣበቀው የተሰወረ ኪስ ይግቡ። ከሁሉ ይልቅ ግን የሥራው ቅጂ ከቦርሳው ውጭ ይኑር፤ በትንሽ ፍላሽ ተገልብጦ በኪስ፣ ወይም ኔትወርክ በተገኘ ቍጥር በመሥሪያ ቤቱ የኢንተርኔት ማከማቻ ይቀመጥ። ኮምፒዩተሩና ፍላሹም የይለፍ ቃል ይኑራቸው፤ የቦርሳው ባለቤት ንብረቱን ቢያጣ የራሱ ጉዳት ነው፤ በውስጡ ያለው የሌላ ሰው ምስጢር የወጣ እንደ ሆነ ግን የሚጐዳው ባለ ጉዳዩ ነውና።

ባትሪ ስለ መያዝ ጥቂት እንበል። ተንቀሳቃሽ ባትሪ በአውሮፕላን ሆድ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይገባም፤ እሳት የተነሣ እንደ ሆነ በዚያ የሚያጠፋው ሰው የለምና ከመንገደኛው ጋር ይሆናል። ልኩም 100 ዋት ሰዓት ነው፤ ከዚያ አልፎ እስከ 160 ድረስ ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይፈልጋል። ባትሪው ላይ የተጻፈው በሚሊ አምፔር ሰዓት ብቻ ከሆነ፣ ቍጥሩን በ3.7 አባዝተው ለ1,000 ያካፍሉት። 20,000 የሚለው 74 ዋት ሰዓት ይሆናል፤ ያለ ክርክር ያልፋል። 30,000 የሚለው ግን 111 ስለሚሆን በፍተሻ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ባትሪው ቶሎ የሚወጣበት የውጭ ኪስ ያለው ቦርሳ በፍተሻው ሰልፍ ላይ ኀፍረትን ያስቀራል። ወደ ናይሮቢ ወይም ወደ ዱባይ የሚሔድ ሰው በዚያው ኪስ የሶኬት መቀየሪያ ይጨምር፤ በእነዚያ አገሮች ያለው ሶኬት ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ የሚቀበል እንጂ እንደ እኛ ሁለት ክብ ጥርስ የሚቀበል አይደለም።

የእናቶች ነገር ደግሞ አለ። ልጅ ለሥራ ወደ ሩቅ አገር ሲነሣ፣ የተመዘነው ቦርሳ በመጨረሻው ሌሊት በርበሬና ሽሮ፣ ድርቆሽና ቡና ይጨመርበታል። ይህን እንዳይሆን መከልከል የሚቻለው ሰው ገና አልተወለደም። ቢሆንም በርበሬ ከኮምፒዩተር ጋር በአንድ ቦርሳ እንዳይገባ እናቶችን እንለምናለን፤ ደቃቅ ዱቄት በኮምፒዩተሩ መተንፈሻ የገባ እንደ ሆነ ማራገቢያውን ይዘጋል፤ ሽታውም ከስፖንጁ አይለቅም። ስንቁ በሌላ ሻንጣ ሦስት ጊዜ ታሽጎ ወደ አውሮፕላኑ ሆድ ይጫን፤ የሚሔድበት አገር የምግብ ዱቄትና ቅመም ማስገባትን ይፈቅድ እንደ ሆነም አስቀድሞ ይጠየቅ።

ዋጋውን በተመለከተ፣ በውጭ አገር የሚሠሩ አንዳንድ ቦርሳዎች ዕድሜ ልክ ዋስትና አለን ብለው በብዙ ብር ይሸጣሉ። በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ ለሚኖር ወገናችን ይህ ዋስትና እውነተኛ ጥቅም አለው። አዲስ አበባ ወይም ደሴ ለሚኖር ሰው ግን የተሰበረ ዘለበት ለማስቀየር ቦርሳውን ወደ ሠሪው መላክ ከአዲስ ቦርሳ ዋጋ የማይተናነስ ወጪ ሊያመጣ ይችላል። እዚህ ላለ ሰው ዋስትናው በሰፈሩ ያለው ጫማ ሰፊ ነው። ስለዚህ ሲገዙ ስፌቱ ከውጭ የሚታይና በወስፌ የሚደረስበት መሆኑን፣ ዘለበቱ በመርካቶ ከሚገኘው ዓይነት መሆኑን፣ ማንገቻው ከቦርሳው ጋር የተያያዘበትም ስፍራ በአንድ መስመር ሳይሆን ተመላልሶ የተሰፋ መሆኑን ይመልከቱ። ማንገቻ የሚበጠሰው ሁልጊዜ በዚያ ስፍራ ነው፤ የሚበጠሰውም በመንገድ ላይ እንጂ በቤት አይደለም።

ከጉዞ ሲመለሱ ቦርሳውን ባዶ አድርገው ገልብጠው ያራግፉት፤ ፍርፋሪ ከቀረበት አይጥ ትበሳዋለች። በልብስ ማጠቢያ መኪና ማጠብ የውስጡን ቅብ ስለሚልጠው አይገባም፤ ለብ ባለ ውኃና በጥቂት ሳሙና በጨርቅ ይጥረጉት፤ ከዚያም ከፀሐይ ፈቀቅ አድርገው በጥላ ይስቀሉት። በዚፑ ጥርስ መካከል የገባውን አቧራ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ያስወግዱ፤ በመጨረሻም የሻማ ቁራጭ በጥርሱ ላይ ላይ ታች ብለው ቢያሹት ያለ ችግር ይሳባል።